ለማን ነው የተንኳኳው

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፤ ቦንጋ፣ በኮሌጁ የማታ ትምህርት፤ እያደርኩም ኮምፒውተር ተማርኩ። ከዚያ በፊት እዚያው ኮሌጅ ዘበኛ ነበርኩ። ሠራተኛውን ሁሉ ከቦታ ቦታ ባተራመሰው የአሠራር ለውጥ፣ በቢፒአር ሰሞን፣ የኮምፒውተር ክፍል ስመደብ አንዳንዱ ፊቱን አኮሳትሮ ተቀበለኝ። ያኮሳትር።

የመጀመሪያ ሥራዬ ለጎልማሶች ፊደል በድምፅ የሚያስተምር ፕሮግራም ነበር። የተሠራው ለሌላ ዓይነት ፕሮሰሰር ስለሆነ በእኛ ኮምፒውተር የሚሄደው ኢሙሌተር በሚሉት አስመሳይ ፕሮግራም ውስጥ ሆኖ ነው። ይጎተታል።

"የማታ ተማሪ ሳይመዘገብ ካላፈጠንከው ወደ በርህ ትመለሳለህ" አለኝ ኃላፊው፣ ሰው እየሰማ።

የት እንደሚዘገይ ለማወቅ አስመሳዩን መለካት ጀመርኩ። መለኪያው በየቅጽበቱ በር እንደ ማንኳኳት ያለ ምልክት፣ ሲግናል ይልካል፤ በመጣ ቁጥር አስመሳዩ ምን ላይ እንደነበረ ይመዘገባል። መለኪያውን ስከፍት ግን የፊደሉ ፕሮግራም "ሀ" ብሎ ይሞታል። ሁልጊዜ "ሀ"።

ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች መምህርት ሻይዋን ይዛ አየችና ሳቀች።

"ጋሼ፣ በር ላይ ሳሉ የዲኑን እንግዳ ተማሪዎች ክፍል ያስገቡት ነበር እንዴ?"

"ስድብ ነው?"

"ኧረ በፍጹም! ሲግናሉ የመጣው ለአስመሳዩ ነው። እሱ ደግሞ የመጣውን ሁሉ ለውስጠኛው፣ ለፊደሉ ፕሮግራም ያቀብላል። ውስጠኛው ምን ያድርገው? ይህ ሲግናል ደርሶት ምን እንደሚያደርግ ያልተነገረው ፕሮግራም ዕጣው መሞት ነው።"

ተናድጄ ነበር። ግን እውነቷን ነው። በር ላይ ሳለሁ ከሺሺንዳ አውቶብስ ወርዶ የመጣውን ሁሉ "ማንን ፈልገህ ነው?" ሳልል አሳልፌ አላውቅም፤ እዚህ ያቺን ጥያቄ ረሳኋት።

የአስመሳዩን ኮድ ከፍተን፣ መለኪያው ሲበራ ያ አንድ ሲግናል ለአስመሳዩ ብቻ እንዲቀር አደረግን። ውስጠኛው "ሲግናሉን እኔ ልያዘው" ቢል እንኳ ለአፍ ያህል "እሺ" ተብሎ፣ ሳይሰጠው ይታለፋል። ፕሮግራሙ ከ"ሀ" እስከ "ፐ" ዘለቀ። መለኪያውም ጉዱን አወጣው፤ ጊዜውን የሚበላው ድምፁን ቆንጥሮ ቆንጥሮ መላኩ ነበር። ጠቅለል አድርጎ እንዲልክ አደረግነው፤ ፈጠነ።

ኃላፊው አየ። ምስጋና የለም፤ የበሩንም ነገር ግን ዳግመኛ አላነሳም።

በምዝገባው ዕለት አዲስ የተቀጠረው ዘበኛ አስቆመኝ።

"ማንን ፈልገው ነው?"

"የኮምፒውተር ክፍሉን ሰውዬ።"

"ገና አልገባም መሰለኝ።"

"አሁን ገባ" ብዬው አለፍኩ።