አርባ ሦስተኛው ደረጃ

ሰፈሩ «ቦርሳው» ይለዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ፖስታ አድሏል። ጡረታ ከወጣ ስምንት ዓመት ቢሆነውም ግራ ትከሻው፣ ቦርሳው አሁንም የተንጠለጠለበት ይመስል፣ ዘንበል እንዳለ ቀርቷል።

ከተማውን በእግሩ ነው የሚያውቀው። የትኛው መንገድ ስሙን ከማን እንዳገኘ፣ የትኛው ቅያስ ክረምት ላይ እንደማያሳልፍ አንድ በአንድ ይነግርሃል። ይህን ሁሉ ኢንተርኔት ላይ፣ ማንም ገብቶ በሚጽፍበት መዝገበ ዕውቀት እንዲያሰፍር የገፋፋው መምህሩ ነው፤ የልጁ የታሪክ አስተማሪ የነበረው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ይዘውት ሊቀበሩ ነው?» አለው አንድ ቀን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ።

«አንተ ቀድመህ ካልቀበርከኝ።»

ሳቁ፤ ጀመሩም። አራት ዓመት፣ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ መስኮቱ ሥር ካለው ኮምፒውተር ፊት ጎን ለጎን ተቀመጡ። ቦርሳው በሁለት ጣት ይለቅማል፣ መምህሩ ይከረክማል። የመዝገቡ ደንብ አጭር ነው። ማንም ይጨምራል፣ ማንም ያርማል፤ ማን ምን መቼ እንደነካ ከገጹ ጀርባ ባለ ዝርዝር ላይ ይቀራል። የፈለገ ወስዶ ያሳትም፣ ይሽጥም። ከየት እንዳገኘው ይናገር፣ በሌላው ላይም አይዝጋው፤ ሌላ ግዴታ የለበትም።

ከዚያ መምህሩ ሥራ በዛብኝ ብሎ ቀረ።

ከሁለት ዓመት በኋላ የቦርሳው ልጅ ከምትሠራበት የጽሕፈት መሣሪያ መደብር አንድ መጽሐፍ ይዛ መጣች። የከተማው ጎዳናዎች ታሪክ ነው። ሽፋኑ ላይ የመምህሩ ስም አለ። ውስጡ ያለ ደራሲው ፈቃድ መቅዳት ክልክል ነው ይላል። ምስጋናው ለባለቤቱና ለ«ልዩ ልዩ ምንጮች» ነው።

«አባባ፣ አንተ የታለህ?»

መነጽሩን አድርጎ ፈለገ። «ሁለተኛው ‹ልዩ› ሳልሆን አልቀርም» አለ።

ልጅቷ አልሳቀችም።

ሰኞ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ መዝገቡ ላይ የጻፉት የጎዳናዎቹ ገጽ የለም። «ከታተመ መጽሐፍ የተገለበጠ» ተብሎ ወርዷል፤ ተቃውሞ ያለው በሰባት ቀን ውስጥ ያቅርብ ይላል። አቤቱታው የመምህሩ ነው። ቦርሳው ደጅ ወጥቶ ደወለለት።

«ጋሼ፣ አሳታሚው ነው ያስገደደኝ። በነፃ የሚገኝ ነገር ማን ይገዛል አለኝ።»

«እና እኔን ሌባ አደረግከኝ።»

«ስምዎን እኮ የትም አልጠቀስኩም።»

«እሱንማ አይቻለሁ።»

«አይቀየሙኝ። አንድ ቅጂ ፈርሜ አመጣልዎታለሁ።»

ቦርሳው ስልኩን ዘጋው።

የወረደ ገጽ ዝርዝር የሚታየው ለመዝገቡ ጠባቂዎች ብቻ ነው። ጉዳዩን የያዘችው ራሷን «ጉጉት» ብላ የምትጠራ በጎ ፈቃደኛ ናት። ዝርዝሩን አየች፤ ቀኖቹ ከመጽሐፉ ይቀድማሉ። መምህሩ ግን መልስ አላጣም። ረቂቁ የቆየ የእኔ ነው፣ ሽማግሌው ከእኔ ወረቀት ላይ ነው የተየቡት፣ መተየብንም ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ አለ። የመጨረሻው እውነት ነው። ከእርማቱም ግማሹ በእሱ ስም ነው የተመዘገበው። ጉጉት ሌላ ማስረጃ ጠየቀች። አራት ቀን ቀርቷል።

ቦርሳው መጽሐፉን ከፍቶ ቃል በቃል ማንበብ ያዘ። የገዛ ዓረፍተ ነገሮቹ በሰው ቤት እንዳገኛቸው ዕቃዎች ነበሩ። ሰማንያ ስምንተኛው ገጽ ላይ ቆመ። «ወደ ልብስ ሰፊዎች ሰፈር የሚያወጣው ደረጃ አርባ ሦስት ነው።»

እሱ ራሱ እንዲያ ብሎ ጽፎ ነበር። ካቻምና አንድ አንባቢ አርባ አንድ ብሎ አረመው። ቦርሳው ተናዶ፣ የሚያመውን ጉልበቱን እየጎተተ ሄዶ ቆጠረ። አርባ አንድ ነው። ስህተቱ ከየት እንደመጣ የገባው እዚያው ነው። ፖስተኛ ቆጠራውን የሚጨርሰው ደረጃው ሲያልቅ ሳይሆን ደብዳቤው ከባለቤቱ እጅ ሲገባ ነው።

በክርክሩ ገጽ ላይ አንድ ጥያቄ ጻፈ። «መምህር፣ አርባ ሦስቱን ከየት እስከ የት ቆጠርከው?»

መምህሩ በአንድ ሰዓት ውስጥ መለሰ። «መንገዱ ላይ ቆሜ፣ ከታች እስከ ላይ፣ ራሴ።»

«ከታች እስከ ላይ አርባ አንድ ነው» ብሎ ጻፈ ቦርሳው። «ሁለቱ ያሉት ከመጨረሻው ቤት ግቢ ውስጥ፣ ከአጥሩ ኋላ ነው። ከመንገድ አይታዩም። እኔ ደብዳቤ ይዤ ሠላሳ አንድ ዓመት ረግጫቸዋለሁ። አንተ ምን ይዘህ ገባህ?»

በማግስቱ የሰፈሩ ነዋሪ የሆነ አንድ የመዝገቡ ጸሐፊ ደረጃውን ቆጥሮ ፎቶ ላከ፤ መንገዱ ላይ አርባ አንድ፣ ከአጥሩ ውስጥ ሁለት። በስድስተኛው ቀን ጉጉት ገጹን መለሰችው።

ልጁ ትከሻው ላይ ተደግፋ ዝርዝሩን አየች። የመምህሩ ስም ሁለት መቶ አሥራ አራት ጊዜ አለ።

«ይሄንን አውጣልኛ፣ አባባ።»

«አይወጣም። ቢወጣም አላወጣውም። የሠራው ሥራ ነው።»

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። መምህሩ ነው። ቦርሳው አላነሳውም። የዚያን ጊዜውን ቅዳሜ እያሰበ ነበር፤ ደረጃውን የጻፉበትን። እስቲ ሄደህ ቁጠር፣ እኔ ልሳሳት እችላለሁ ብሎት ነበር። መምህሩ እጁን ክንዱ ላይ አሳርፎ «ጋሼ፣ እርስዎ ካሉ ምን መቁጠር ያስፈልጋል» አለው።

ያን ቀን ደስ ብሎት ነበር።