በሲጋራ ፓኮ ውስጥ የመጣው የአይሻም ፊት

ላቪንያ በአሜሪካ፣ በደርሃም ከተማ፣ በትምባሆ ፋብሪካ፣ ከደረቀው ቅጠል መሐል አገዳውን ነቅላ የምታድር ጥቁር ሴት ናት። ባሏ አይሻም እዚያው በርሜል ያንከባልል ነበር። ባርነት ከቀረ ሃያ ዓመት ሲሆነው አንድ ነጭ ሠዓሊ መጣና፣ "ፊትህን ልሣለው፤ በየፓኮው ካርድ ሆኖ ይገባል" አለው። አይሻም በደስታ የሚሆነውን አጣ። የእሑድ ልብሱን ለብሶ፣ ባርኔጣውን ዘመም አድርጎ፣ ግማሽ ቀን ቀጥ ብሎ ተቀመጠለት።

"ላቪ፣ ብሞትም ፊቴ ይቀርልሻል" እያለ ይጎርርባት ነበር።

በዚያው ዓመት በብርዱ ወራት ሳምባ ምች ገደለው። ልጃቸው ኦክታቪያ ገና ትድህ ነበር። ካርዱ ከቀብሩ በኋላ ወጣ፤ ሠዓሊው የነጭ መሳቂያ አድርጎት ነበር፦ ዓይኑ ፈጦ፣ አፉ እስከ ጆሮው ተቀዶ፣ የሰረቀውን ዶሮ በብብቱ ሸጉጦ። እጁ ይሰበርና፣ ሠዓሊው ባርኔጣውንና ከግራ ዓይኑ ሥር ያለችውን ጠባሳ ግን አልሳታቸውም።

"አቃጥይው!" አለቻት የሥራ ባልደረባዋ ሄስተር። "ይሄ ነው አይሻም? በሞትኩት!"

"ሌላ ምን አለኝ፣ እህት ሄስተር? ፎቶ ተነስቶ አያውቅ።"

የሰፈሩ ሰው ግድግዳውን በጋዜጣ ይለጥፋል፤ ክፉ መንፈስ ፊደሉን ሁሉ አንብቦ ሳይጨርስ ሰው አይነካም ይባላል። ላቪንያም ካርዱን በጋዜጦቹ መሐል ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ የጀርባውን ጽሑፍ ወደ ውጭ አድርጋ ለጠፈችው። ምን ዋጋ አለው፣ መንፈሱን ራሷ ቤቷ አስገባችው። ለጸሎት ዓይኗን ስትጨፍን የሚመጣባት ያ የተቀደደ አፍ ሆነ። የባሏን እውነተኛ ፊት ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው። ለማንም አልተናገረችም፤ አፈረች።

ኦክታቪያ አምስት ዓመት ሲሞላት ካርዱን ልጣ አወጣችው። አየችውና ከት ብላ ሳቀች።

ላቪንያ ነጥቃ ምድጃው ውስጥ ወረወረችው።

"እማዬ፣ ማነው እሱ?" ልጅቷ ሳቋ ጠፋ። "አባዬ ነው እንዴ? አክስት ሄስተር ካርድ ላይ አለ ስትል ሰምቻለሁ። ዶሮ ይሰርቅ ነበር?"

"አባትሽ የሰው መርፌ ነክቶ አያውቅም!"

"ታዲያ ምን ይመስል ነበር?"

ላቪንያ ከእጁ ጀመረች። አውራ ጣቱ የተሰነጠቀ፣ ጥፍሩ በትምባሆ የወየበ፣ በዚያ ሻካራ እጁ ልጁን ሲያቅፍ እንዳይቧጭራት የሚሳቀቅ። እጁን በደንብ ታስታውሰዋለች። ልጅቷ አፏን ከፍታ አዳመጠቻት።

"ፊቱስ?"

ላቪንያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ያው የተቀደደ አፍ መጣባትና ወዲያው ገለጠችው።

"ነገ እነግርሻለሁ" አለቻት።