የመፈክር አሰሚው ሳንባ

ዘርአጽዮን በደርግ ዘመን የቀበሌያችን መፈክር አሰሚ ነበር። ለዛሬ ልጆች ይህ ሥራ አይመስላቸውም። ያኔ ግን ከኦሎምፒያ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ የምንኖር ሰዎች እሁድ ጠዋት በቀበሌው አዳራሽ ስንሰበሰብ፣ ስብሰባው የሚከፈተውም የሚዘጋውም በእሱ ጉሮሮ ነበር። «ኢምፔሪያሊዝም፣ ፊውዳሊዝም፣ ቢሮክራሲያዊ ካፒታሊዝም!» ብሎ ሦስቱን ጠላቶች በአንድ ትንፋሽ ይደረድራል፤ እኛ ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ እየወረወርን «ይውደሙ!» እንላለን። እሱ ጨርሶ የራሱን እጅ እስኪያወርድ ድረስ ማንም እጁን አያወርድም። ቀድሞ ያወረደ ስሙ ይያዛል።

በልጅነቱ ዲያቆን ነበር፤ ድምፁን የገራው ቅዳሴ ነው። ያንን ድምፅ ለአብዮቱ ሲያውለው ምን እንደተሰማው ጠይቄው አላውቅም። ጎረቤቴ ነበር፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ጎረቤት ብዙ አይጠየቅም።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ ክረምቱ እንደወጣ፣ ከዚያ ሁሉ ጩኸት የተነሣ ብሽሽቱ ላይ ቡአ ወጣበት። መፈክር ባሰማ ቁጥር እብጠቱ ብቅ ይላል፤ እሱም በቀኝ እጁ ሸሸግ አድርጎ ይጫነዋል። ግራው ወደ ላይ፣ ቀኙ ወደ ታች። የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ፍስሃ «ይህ የትግል ቁስል ነው» ብሎ ራሱ ሆስፒታል ወሰደው፤ እኔም በጎረቤት ደንብ ተከተልኩ።

ሰመመን የሚሰጠው ባለሙያ ዋቅቶላ የሚባል ዝግ ያለ የወለጋ ሰው ነበር። ጴንጤ ነው፤ መፈክር ሲሰማ እጁን አያነሣም። ይህን ሆስፒታሉ ሁሉ ያውቃል። እስካሁን ያልታሰረው ሌላ ሰመመን ሰጪ ስለሌለ ብቻ ነው ይባል ነበር። ክብሪት ለኮሰና ከዘርአጽዮን አፍ አንድ ስንዝር አርቆ ያዘው።

«አፍዎን በሰፊው ይክፈቱ። ከንፈርዎን ሳያሞጠሙጡ ተንፍሰው ያጥፉት።»

ዘርአጽዮን ደረቱን ነፍቶ ተነፈሰ። እሳቱ አንገቱን እንኳ አልደፋም። ነድዶ ነድዶ የዋቅቶላን ጣት ለበለበው።

«ችግሩ ክብሪቱ ነው» አለ ፍስሃ። «ሌላ ይምጣ!»

ሌላ መጣ። እሱም በሰላም ነደደ።

«እንዴ! የዚህ ሰው ድምፅ እኮ ኤርፖርት ድረስ ይሰማል!»

«ድምፅ ሌላ፣ ትንፋሽ ሌላ» አለ ዋቅቶላ። «ድምፅ ጉሮሮ ላይ ነው የሚሠራው፤ ጥቂት አየር ይበቃዋል። ሳንባ ውስጥ ግን ቱቦዎቹ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየቀጠኑ ይሄዳሉ። የእርስዎን ቱቦዎች ሲጋራ አጥብቧቸዋል፤ አክታም ይዘዋል። አየሩ ይገባል፣ መውጫ ያጣል። ሙሉ በሙሉ ባስተኛዎት ደረትንና ሆድን የሚለየው ትልቁ ጡንቻ ሽቅብ ይገፋል፣ የሳንባዎ ግርጌ ይዘጋል። ላይነቁ ይችላሉ።»

«ታዲያ ልሙት?» አለ ዘርአጽዮን። ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያለ ሕዝብ ሲናገር የሰማሁት፤ ድምፁ ትንሽ ነበር።

«ከወገብ በታች ብቻ አደነዝዝዎታለሁ፤ ነቅተው ይቆያሉ። እስከዚያው ግን፣ እስከ ገና፣ ሲጋራ የለም። ጩኸትም የለም።»

ሲጋራው ቀላል ነበር። ዝምታው ግን ቀበሌውን አስጨነቀ። ዝምታ አቋም ነው፤ አቋም ደግሞ ፈቃድ ይፈልጋል። ብዙ ከተመከረ በኋላ የጓድ ዘርአጽዮን ሳንባ የሰፊው ሕዝብ ንብረት መሆኑ ታውቆ፣ ለጊዜው እንዲያርፍ ተወሰነ። እሱም ሳንባውን ለማጠንከር ዋቅቶላ በሰጠው ቱቦ ውሃ የሞላ ጠርሙስ ውስጥ እየተነፈሰ ሲያንቦጫርቅ ይውል ጀመር። ሚስቱ የሺመቤት «እንኳንም ታመመ! ቤቴ ውስጥ የሚጮኸው ጠርሙስ ብቻ ሆነ» ትል ነበር።

ስለ እስትንፋስ ብዙ አስቤያለሁ። ልብ አያማክረንም፤ ምላስ ያማክረናል። እስትንፋስ ግን በሁለቱ መካከል ነው፤ ስናስበው በእኛ ፈቃድ፣ ስንረሳው በራሱ ይሠራል። በዚያ ዘመን ግራ እጃችንም እንዲሁ ሆኖ ነበር።

በቀዶ ጥገናው ክፍል ውስጥ የሆነውን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ነቅቶ ነበርና። ዋቅቶላ ጀርባውን ወጋው፤ እግሮቹ የሌላ ሰው እግር ሆኑ። መድኃኒቱ ከባድ ስለሆነ ጠረጴዛው ወደ ራስጌ ካዘቀዘቀ ወደ ደረት ይፈስሳል። የጠረጴዛው መቆለፊያ ተበላሽቶ ነበርና አንድ ጠና ያለ ሠራተኛ እጀታውን በግራ እጁ ጨብጦ ቆሟል።

«እስቲ ይሳሉ» አለ ዋቅቶላ፤ ድንዛዜው የት እንደደረሰ በሳሉ ጉልበት ሊለካ።

ሳል እምቢ አለ። ዘርአጽዮን ዙሪያውን ቢያይ ሰዎች ቆመው ከአፉ ይጠብቃሉ። ከመስከረም ጀምሮ የታፈነው ነገር ያን ጊዜ ፈነዳ።

«ኢምፔሪያሊዝም!»

ግራ እጆች ሁሉ ተወረወሩ። የሐኪሙ፣ የነርሶቹ፣ የዚያም የእጀታው ሠራተኛ። ጠረጴዛው በራስጌው ቁልቁል ወረደ።

«ፊውዳሊዝም…» ድምፁ ቀጠነ። «ቢሮክ…» ከዚያ በኋላ አፉ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ደረቱ የተዘጋ በር ሆነበት።

እጃቸውን እንደሰቀሉ ጠበቁት።

ዋቅቶላ እጅ አላነሣም። ጠረጴዛውን በጉልበቱ ገፍቶ አቃና፤ በግራ እጁ የዘርአጽዮንን መንጋጋ ይዞ የአየር ጭምብሉን ፊቱ ላይ አጠበቀ፣ በቀኙ አየር የሚገፋውን የጎማ ከረጢት መጭመቅ ጀመረ። «ጋሽ ዘርአጽዮን፣ አይፍሩ። የተኙት የጎድንዎ ጡንቻዎች ናቸው። የትልቁ ጡንቻ ነርቭ የሚወርደው ከአንገት ነው፤ መድኃኒቱ እዚያ አልደረሰም። የጎደለውን እኔ እሞላለሁ።» ቀና ብሎም «ኧረ እጃችሁን አውርዱና አግዙኝ!» አለ።

«መፈክሩ አላለቀም» አለ ሐኪሙ በሹክሹክታ።

የዘርአጽዮን ግራ እጅ ገና ወደ ላይ ተሰቅሎ ነበር። ዝሎ ሲወድቅ ያን ጊዜ ሁሉም አወረዱ። ዋቅቶላ ትንፋሹ እስኪመለስ ከረጢቱን አልለቀቀም፤ ሐኪሙም ጓንቱን ቀይሮ ሥራውን ጨረሰ።

አንድ ሰው እጁን እንዳላነሣ ግን ወሬው ቀበሌ ደረሰ። ዘርአጽዮን በእግሩ መሄድ እንደቻለ ዋቅቶላ አዳራሻችን ውስጥ ለጥያቄ ፊታችን ቆመ። በኋላው በር በኩል ጂፕ ነበረች። በዚያ በር የወጣ ሰው እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን።

«መፈክር ሲሰማ ግራ እጅህ የት ነበር?» አለ ፍስሃ።

ዘርአጽዮን ሆዱን ደግፎ ተነሣ።

«የእኔ መንጋጋ ሥር ነበር።»

«አንተ አልተጠየቅክም!»

«ሳንባዬ የሰፊው ሕዝብ ንብረት ነው ብላችኋል። ሕዝቡ መተንፈስ ሲያቅተው ማን ተነፈሰለት? እናንተ እጅ አንሥታችሁ የምትጠብቁትን መፈክር ሊያስጨርሰኝ የታገለ እሱ ብቻ ነው። እጁን ቢያነሣ መንጋጋዬ ይወድቅ ነበር። መንጋጋ ወድቆ የሚሰማ መፈክር ደግሞ የለም።»

የቀበሌው ኮሚቴ ተጠጋግቶ ተንሾካሾከ። ፍስሃ ላብ በላብ ሆኖ ውሳኔውን ተናገረ፤ በመፈክር አሰሚ መንጋጋ ሥር ያለ እጅ እንደተነሣ ይቆጠራል። ጂፗ ባዶዋን ሄደች።

«በል፣ ስብሰባውን ዝጋልን» አለ ፍስሃ እፎይ ብሎ፣ አጠገቡ ቆሞ ለሲጋራው ክብሪት እየለኮሰ።

ግራ እጃችንን ሰቀልን። ዘርአጽዮንም ሰቀለ። ደረቱን ሞላ፣ አፉን በሰፊው ከፈተ፣ ከንፈሩን ሳያሞጠሙጥ ተነፈሰ። ድምፅ አልነበረውም። በፍስሃ ጣቶች መካከል ያለው ክብሪት ጠፋ።

ከዚያ እጁን አወረደና ተቀመጠ። እኛም አወረድን።