ሂና መስሎኝ የደበቅኩት አረንጓዴ

እግሩ አይቆረጥም! አልሃምዱሊላህ፣ የሰኢድ እግር አይቆረጥም! ዛሬ ጠዋት ነው ሐኪሙ የነገረን... ውይ፣ ሰላም እንኳ ሳልላችሁ። አሰላሙ አለይኩም፣ ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ደስታና ሀፍረት ባንድ ላይ ሊያሳብዱኝ ነው።

ባለቤቴ ሰኢድ ስኳር አለበት። መርሳ ላይ ማንጎ ሲጭን ሚስማር ረገጠና ቁስሉ አልድን ብሎት ወልድያ ሐኪም ቤት ተኛ።

«አቃጠለኝ» ሲል እኔ እንዴት ልቻል? ነርሷ ዞር ስትል ፋሻውን ገለጥ አድርጌ፣ ከቤት በጥብጬ ያመጣሁትን ሂና ለቅለቅ! እኛ ቤት ቁስል የሚያበርደው ሂና ነዋ።

ሲሰነብት ፋሻው አረንጓዴ ሆነ። ጣፈጥ ያለ ሽታም አመጣ። ሂናዬ ሊያጋልጠኝ ነው ብዬ ፋሻውን ፌስታል ውስጥ ሸጎጥኩና እግሩን በሌላ ጨርቅ ጠቀለልኩለት። ወዲያው ሰኢድን ትኩሳት ያንቀጠቅጠው ጀመር።

ነርሷ ገልጣ አየችው። «እናቴ፣ ምን ቀብተውት ነው?»

«እኔ? ወላሂ ጫፉንም አልነካሁ!»

ሰኢድ ዓይኑን ገለጠ። «አንቺ ሴት፣ ከእግሬና ከሀፍረትሽ የቱ ይብስብሻል?» አለኝና ወደ ነርሷ ዞረ። «ሂና ነው የኔ ልጅ፣ ስትለቀልቀኝ ነው የሰነበተችው።»

በክፍሉ ያለ አስታማሚ ሁሉ ወደኔ ዞረ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ነርሷ አልሳቀችም። እጄን ይዛ የቀላ ጥፍሬን አየችና... «እናቴ፣ ሂና ያቀላል እንጂ መቼ አረንጓዴ ያደርጋል?»

አቤት! ስንት ሙሽራ በሂና ያስጌጥኩ ሴት ይሄ ይጠፋኛል?

መግሉ ላቦራቶሪ ተላከ። ባክቴሪያ ነው አሉ፤ ስሙን ነግረውኝ ነበር፣ ምላሴ አልይዘው አለ። ሐኪሙም፦ «ጤነኛ ላይ ብዙም አቅም የለውም። ስኳር ያደከመው ሰው ቁስል ሲያገኝ ነው የሚነሳ። እርጥብ ነገርም ይወዳል። ከየት እንደገባ አላውቅም፣ ብቻ የከረመ ብጥብጥ ቁስል ላይ አይደፋም። አረንጓዴውን ደብቃችሁ ብትቆዩ ኖሮ አጥንት ይገባና...» አልጨረሰውም። መጨረሻውንማ አወቅሁት።

ባክቴሪያውን የሚገድለውን መድኃኒት ለይተው በመርፌ ሰጡት፣ የሞተውን ሥጋ አነሱለት። ዛሬ ቁስሉ ጤነኛ ቀይ ሥጋ ሞልቶ በዓይኔ አየሁት!

ሰኢድ ለጠያቂ ሁሉ እያሳመረ ሲያወራብኝ ነው የሚውለው፤ ከሱ ከምትሰሙ ብዬ እኔው ጻፍኩት።

ቅዳሜ ይወጣል። ነርሷንም ጠርቻታለሁ፣ እሺ ብላለች... ፊቷ ብቻዬን እንዳልቀርብ ሁላችሁም ለሰደቃው መርሳ ቤታችን ኑልኝ፤ እሁድ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ!