አራሚው የለወጠው መጨረሻ

አራሚው በማተሚያ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሠራ በሰው ድርሰት ላይ ከራሱ አንዲት ቃል ጨምሮ አያውቅም። ደራሲ የጻፈውን ማሳመር የአራሚ ሥራ አይደለም ባይ ነው። ባልደረቦቹ «ነጠላ ሰረዝ» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ለአንዲት ነጠላ ሰረዝ ማሽን የሚያስቆም ሰው፣ ታዲያ ምን ይበሉት!

ይህ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ ዋሽቷል፤ የዋሸውም ሚስቱን ነው።

የሚስቱ ዓይን በስኳር በሽታ ደክሞ ደክሞ የጠፋ ሰሞን፣ እሷ ከሰው መነጋገር ትታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውል ነበር። እሱ የሚያደርገው ቢጠፋው አንድ የቆየ ልብ ወለድ ያነብላት ጀመር። አገር ያነበበው መጽሐፍ ነው፤ እሷ ግን በልጅነቷ ጀምራ አልጨረሰችውም፣ መጨረሻውንም እንዳይነግሯት ጆሮዋን ስትደፍን ኖራለች። በመጨረሻው ምዕራፍ የጀልባ ቀዛፊው ልጅ ወንዝ ውስጥ ትሰጥማለች። እዚያ ሲደርስ ቀና ብሎ ሚስቱን አያት። ከስንት ወር በኋላ ተነስታ ተቀምጣ ታዳምጣለች። አንጀቱ አልቻለም። ልጅቷን ከወንዙ አውጥቶ ዳራት። ሚስቱ በደስታ አለቀሰች፤ በማግስቱም ፀጉሯን ታጠበች።

ውሸቱ አሥራ አንድ ዓመት በሰላም ኖረ። ከዚያ መጽሐፉ ፊልም ሆኖ ወጣ።

«ውሰደኝ፤ ለእኔ ድምፁ ይበቃኛል» አለችው። ሰልፉ ረጅም ነው አለ፣ ጉልበቴን ያመኛል አለ። እሷ ግን አንዴ ከያዘች አትለቅም። ቅዳሜ ከሰዓት ሄዱ።

የፊልሙ ሰዎች ዝም ሲሉ ምን እንደሚያደርጉ በጆሮዋ እያንሾካሾከላት የወንዙ ትዕይንት ደረሰ። የውኃ ድምፅ ብቻ ቀረ። ዙሪያቸውን ሰው አፍንጫውን ይጠርጋል።

«ምን ሆነች?»

«ሰጠመች» አለ።

ሲወጡ ክንዱን ይዛ «መጽሐፉን አበላሽተውታል!» አለች ተናዳ። እንዲህ ያለ የማምለጫ በር ለሰው ስንቴ ይከፈታል? «አዎ» ቢላት ባለቀ ነበር። አልቻለም።

«እነሱስ ልክ ናቸው። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሲደርሱ፣ «የእህቴን ደብዳቤዎችስ?» አለችው።

እህቷ ሩቅ አገር ሆና ስትጽፍ ኖራ የሞተች ናት፤ ደብዳቤዎቿን ደጋግሞ ያነበበላት እሱ ነው።

«አንዲት ቃል አልነካሁም።»

እውነቱን ነው። ግን ልጅቷን የዳረውም በዚሁ ድምፅ ነበር፤ ሌላ ድምፅ ከየት ያምጣ?

በማግስቱ ሚስቱ ጎረቤታቸውን መምህርቷን አስጠራች። ደብዳቤዎቹን ከመሳቢያ አውጥቶ የሰጠ ራሱ አራሚው ነው። ንጹሕ ሰው ሆኖ ሳለ ጥግ ላይ ተቀምጦ ላብ አጠመቀው። መምህርቷ ማንበብ ስትጀምር የሚስቱ ከንፈር አብሮ ተንቀሳቀሰ። ጥቂት ቆይቶ ቀደማት፤ ደብዳቤውን በእሱ ድምፅ ሰምታ ሰምታ በቃሏ ይዛዋለች። እስከ ፊርማው ድረስ የጎደለም የተረፈም አልነበረም።

«ይበቃል እህቴ፣ ተባረኪ» አለች። ከዚያ ወደ ጥጉ ዞራ፣ «የቀረውን አንተ አንብብልኝ። ከእንግዲህ ግን ክፉም ካለበት እንዳለ አንብበው፤ እችለዋለሁ» አለችው።

አራሚው ሁለተኛውን ደብዳቤ ተቀበለ። ከላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ አንዲት ነጠላ ሰረዝ ሳይዘል አነበበላት።