እግር የሌላት አሻንጉሊት

በእኛ ደሴት፣ በጃፓኗ አዋጂ፣ ሴት አሻንጉሊት እግር የላትም። ወንዱ አለው፤ ባቱም ተረከዙም በእንጨት ተቀርጾለታል። ሴቲቱ ግን ከወገቧ በታች ልብስ ብቻ ናት። ረጅም ቀሚስ ለብሳ ማን ያይባታል ብለው ይሆናል የጥንቶቹ፤ እኔ ግን ስስት ነው ባይ ነኝ። እግር ያላት የሚያስመስላት ከሥሯ አጎንብሶ የቀሚሷን ጠርዝ ከውስጥ በጣቶቹ እየቆነጠጠ የሚያራምዳት ሰው ነው። ስትንበረከክም ጉልበቷ የዚያ ሰው ጡጫ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን የአሻንጉሊት ቡድን ያ ሰው ሱዙካ ነበረች። የአሻንጉሊቷን ጭንቅላትና ቀኝ እጅ የምትይዘው ቶሞኤ ስትሆን፣ ግራ እጇ ደግሞ እኔ ጌንታ ነበርኩ። ሦስታችን ጥቁር ለብሰን፣ ፊታችንን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነን አንዲት ሴት እንሆን ነበር። ግራ እጅ መሆኔን የሰማ ሁሉ "ለዚህ ነዋ ሁልጊዜ ግራ የሚገባህ" ይለኛል። ቀልዱ አርጅቷል፣ ባትደክሙ ይሻላል።

ሱዙካ ወደ እኛ የመጣችው ወዳ አልነበረም። ከመረብ ኳስ ቡድን ተባርራ ነው። በተሸነፉበት ቀን፣ ወላጆች ሁሉ በተቀመጡበት፣ ኳስ ያመለጠቻትን ልጅ "ዓይንሽን ቤት ረስተሽው ነው የመጣሽው?" ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ እዚያው ሜዳ ላይ አለቀሰች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሱዙካ ይቅርታ ብትልም የሚሰማት አልተገኘም። እኛ ጋ ደግሞ ከትምህርት በኋላ ቡድን የሌለው ልጅ "የቤት ተመላሾች ቡድን አባል" እየተባለ ይሳቅበታል። ከዚያ ስም ለመዳን የሁሉንም ክፍል በር አንኳኳች። የከፈትንላት እኛ ብቻ ነን፤ ያውም አሻንጉሊቷ ሦስት ሰው ትፈልጋለች፣ እኛ ሁለት ቀርተን ስለነበር።

"የት አለ እግሩ?" አለችኝ የመጣች ዕለት፣ ቀሚሱን ገልጣ እያየች።

"የለም።"

"የሌለ እግር ነው የምይዘው? በቃ፣ ይኼን ያህል ነው የወደቅኩት?"

አሠልጣኛችን እማማ ሺጌ ከጥግ ሆነው ሻሚሴን የሚባለውን ክራር መሰል መሣሪያቸውን ጅማት እየቃኙ ነበር። ተረኩንም ዜማውንም የሚያወጡት እሳቸው ናቸው፤ ጉሮሯቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ ነው። "እግሩ አንቺ ነሽ" አሏት ቀና ሳይሉ። "እግር ደግሞ አፍ የለውም።"

ለሱዙካ ይህ ሞት ነበር። ዝም ማለት የማትችል ፍጥረት ናት። በዚያ ላይ ሕግ አለብን፤ በክፍል የሚበልጥሽን ሁሉ አንቱ ማለት ነው። እኔ አንድ ዓመት እበልጣታለሁ፣ ሳምንት ሳይሞላ አንተ አለችኝ። ዝም አልኳት፣ እኔን ማን ይፈራል። የመጨረሻ ክፍል ተማሪዋን ቶሞኤን ግን እንኳን እሷ መምህራኑም ጠንቀቅ እያሉ ነው የሚያናግሯት።

ቶሞኤ ረጅምና ዝምተኛ ናት። እንደገባች ጭንቅላቱን የሚይዘው ልጅ ታምሞ ሲወጣ፣ ክንዷ ጠንካራ ስለነበር በቀጥታ እሱ ቦታ ላይ አቆሟት። አባቷ ሽንኩርት ያመርታሉ። ትምህርት ስትጨርስ እርሻው ላይ እንድትቀር ከተወሰነ ቆይቷል። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ ወደብ አጠገብ ካለው የአሻንጉሊት ቴአትር ቤት መግባት ነው ሕልሟ። ቴአትር ቤቱ በየዓመቱ የሚቀበለው አንድ ወጣት ብቻ ነው። አባቷ በመጨረሻ "ከተቀበሉሽ ሂጂ። ካልተቀበሉሽ ግን አሻንጉሊት የሚባል ቃል ሁለተኛ በዚህ ቤት እንዳልሰማ" አሏት። የቴአትር ቤቱ አለቃ በሐምሌ ሊያዩን ቀጠሮ ያዙ። እንግዲህ የቶሞኤ ዕድሜ ልክ ሕልም የተንጠለጠለው በአንድ ጨዋታ ላይ ነበር፤ ጨዋታው ደግሞ የቆመው በሱዙካ እግር ላይ።

ከዚያ በፊት በጸደይ የቤተ መቅደሱ በዓል ላይ ተጫወትን። ቶሞኤ መሀል ላይ ፈጠነች። ሱዙካ ልትደርስባት አልቻለችም። ጠርዙ ከእጇ ሾለከ፣ ቀሚሱ እንደ ባዶ ከረጢት ተንጠለጠለ፣ ከጥቁሩ ጨርቅ ሥርም "ቀስ በይ እንጂ አንቺ!" የሚል ድምፅ ወጣ። ግቢው በሳቅ ፈነዳ። ከፊት የተቀመጡ ሽማግሌ "እግሯ ራሷን ተቆጣች!" ብለው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። እኔም ጨርቄ ውስጥ ሳቅሁ፣ ምን ላድርግ። ቶሞኤ አልሳቀችም።

ዕቃ ቤት ስንገባ አሻንጉሊቷን ሰቅላ ወደ ሱዙካ ዞረች። ድምፅዋን እንኳ ከፍ አላደረገችም።

"ሌላ ሰው ቢኖር ዛሬውኑ ትሄጂ ነበር። የለም። ስለዚህ ቆዪ። ግን እኔን አታናግሪኝ።"

ሱዙካ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ስትዘጋው ያየሁት ያን ቀን ነው መጀመሪያ። አሳዘነችኝ።

ከዚያ በኋላ ልምምድ ማለት ጭንቀት ሆነ። ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የእማማ ሺጌ ዜማና የሦስት ሰው ትንፋሽ ብቻ ነበር። እማማ ሺጌ የሱዙካን ክንድ ይዘው ቶሞኤ ወገብ ላይ አስደገፉት። "ልትዞር ስታስብ ከእሷ ቀድሞ የሚያስበው ወገቧ ነው። እሱን ስሚ፣ ሌላ አትስሚ" አሏት።

"እሺ፣ እሷ በወገቧ ትነግረኛለች" አለች ሱዙካ። "እግር የሚለው ነገር ቢኖርስ? ማን ይሰማዋል?"

እማማ ሺጌ ለሁሉ ነገር መልስ ያላቸው ሴት ናቸው። ያን ቀን ግን ጅማቱን አንዴ መቱና "ከመጀመሪያው እንነሳ" አሉ።

ሱዙካ ቡድኑን ትለቃለች ብዬ ነበር። አልለቀቀችም። ሌላው ልጅ ሲበላ እሷ በአንድ እጇ የሩዝ እንክብሏን ይዛ በሌላው የራሷን ቀሚስ ጠርዝ እየቆነጠጠች በጉልበቷ ላይ ታራምደዋለች። ኮሪደሩን አጎንብሳ ስትመላለስበት የመረብ ኳስ ልጆች "ሳንቲም የጠፋባት መጣች" እያሉ ያልፉባታል። አንድ ቃል አትመልስም፣ ጆሮዋ ብቻ ይቀላል። ልምምድ ላይ ዝም የምትለው የፊቷን ጨርቅ በጥርሷ ነክሳ ነበር። ሐምሌ ሲደርስ የጨርቁ ታችኛው ክፍል ተበልቶ ነበር። ቶሞኤ ግን አንድ ጊዜ እንኳ "ጎበዝ" አላለቻትም፤ እኔም አናደደችኝ፣ ግን አንቱ የምትባል ሰው ምን ይባላል።

ቀኑ ደረሰ። ሙቀቱ የሚያፈላ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ስመለከት አለቃው መሀል ረድፍ ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። የቶሞኤ አባት ከኋላ በሩ አጠገብ፣ የእርሻ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ አሁኑኑ ተነስቶ እንደሚሄድ ሰው ተቀምጠዋል። ቶሞኤ ጫማዋን አሰረች። እነዚህ ጫማዎች ከፍ ያሉ የእንጨት ሳጥኖች ናቸው። ጭንቅላቱን የያዘው ሰው እነሱ ላይ የሚቆመው አሻንጉሊቷን ከፍ ለማድረግ ነው፣ ከሥር ያለው ሰው መንቀሳቀሻ እንዲያገኝ።

"ዛሬ ከጣልሽኝ..." አለች ቶሞኤ ወደ ታች ሳታይ። ከበዓሉ ወዲህ ለሱዙካ ያወጣችው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር፣ እሱንም አልጨረሰችውም።

"እሺ" አለች ሱዙካ፤ ጨርቁን ነከሰች።

ጨዋታው ልጇን በመርከብ የወሰዱባት እናት ታሪክ ነው። በባሕሩ ዳር መርከቡን እየተከተለች ትሮጣለች፣ መሬቱ ሲያልቅባት ትንበረከካለች። ሩጫው ሁላችንንም የሚፈትን ቦታ ነው። ጀመርነው። እማማ ሺጌ ዜማውን አፈጠኑት፣ ቶሞኤ ተንደረደረች፣ ሱዙካ ከሥር መድረኩን ዱብ ዱብ እያደረገች ተከተለቻት። እጅግ ያምር ነበር። ቶሞኤ ቴአትር ቤቱ ገባች ማለት ነው ብዬ ማሰብ እንደጀመርኩ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ።

የቶሞኤ ግራ ጫማ ማሰሪያ ተበጠሰ።

 እግሯ ገና ሳጥኑ ላይ ነው፤ አንድ እርምጃ ካነሳች ይሾልካል። ያን አውልቃ በሌላው ብትሄድ ታነክሳለች። ሁለቱንም ብትጥል እናትየዋ እስከ ጉልበቷ መሬት ትገባለች። ጎንበስ ብላ እንዳትይዘው ሁለት እጇ አሻንጉሊቷ ውስጥ ነው። ቶሞኤ ቆመች። እናትየዋም ሩጫዋ መሀል እንደቆመች ቀረች። ዜማው ብቻውን ወደፊት ሄደ። ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ፤ አባትየው ተነሱ ብዬ ደነገጥኩ።

ያኔ ሱዙካን አየኋት። ግራ እጇን ከቀሚሱ አውጥታ የቶሞኤን ቁርጭምጭሚትና የእንጨቱን ሳጥን አንድ ላይ ጨምድዳ ያዘች። ሁለቱን የቀሚስ ጠርዞች ደግሞ በቀኝ እጇ ሰበሰበቻቸው፤ አንዱን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሀል፣ ሌላውን በትንንሾቹ መሀል። አሻንጉሊቷ የእንጨት እግር ቢኖራት ሁለቱን በአንድ እጅ የሚያራምድ ሰው አልተፈጠረም። ደግነቱ የላትም፣ ጨርቅ ናት። ያንን ስድብ የመሰላትን የሌለ እግር ሱዙካ በአንድ መዳፍ ያዘችው።

ከዚያ የቶሞኤን ቁርጭምጭሚት ጫን አደረገችው። ቶሞኤ አልገባትም፣ ወይም ማመን አልፈለገችም፤ ትከሻዋ እንደ ግድግዳ ደርቋል። እንደገና ጫን አደረገችው።  ሦስት ዓመት ሙሉ ማንንም ያልሰማች ልጅ አሁን እግሯን ትሰማለች? ጫን። የቶሞኤ ወገብ ላላ አለ። ሱዙካ ሳጥኑን ከነእግሩ አንስታ ወደፊት አስቀመጠችው። እናትየዋ ተራመደች።

አሁን ራስ ሳይሆን እግር ነበር የሚመራው። እንደ ልምምዱ መሮጥ አልተቻለም። አንድ እርምጃ፣ ትንሽ ቆይቶ ሌላ፣ ትንፋሿ እንዳለቀ ሴት። እማማ ሺጌ አንዴ ወደ መድረኩ ገልመጥ አሉ፣ ጅማቱን አዘገዩት፣ እግሩን ተከተሉት። ሱዙካ በጸደይ እግርን "ማን ይሰማዋል?" ብላ ለጠየቀችው የመለሱላት ያኔ ይመስለኛል።

ግን ጣጣው አላለቀም። መጨረሻ ላይ እናትየዋ ስትንበረከክ ሁለት ጉልበት ያስፈልጋታል፣ ሁለት ጡጫ። ሱዙካ ሳጥኑን ልትለቅ ነው። በክርኗ እግሬን ነካችኝ። እውነትም ግራ ገባኝ። ደግማ መታችኝ፣ በደንብ አድርጋ። ያኔ ነቃሁ። እግሬን አሹልኬ ከሳጥኑ ጀርባ ወተፍኩት፣ የቶሞኤን ተረከዝ በእግር ጣቶቼ ደግፌ ያዝኩ። ሱዙካ ለቀቀች። ሁለት ጡጫ ቀሚሱ ውስጥ ገባ፣ ሁለት ጉልበት ወጣ፣ እናትየዋ ባሕሩ ፊት ተንበረከከች። እኔ በአንድ እግሬ ቆሜ እጇን ወደ መርከቡ ዘረጋሁላት። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሰው ሲያለቅስ ሰማሁ።

ከመድረክ ጀርባ ጨርቃችንን ገለጥን። የሱዙካ ግራ ጣቶች በሳጥኑ ተጨፍልቀው አብጠዋል። አለቃው መጡ፤ የቶሞኤ አባት ከኋላቸው ነበሩ።

"ጭንቅላቱን በደንብ ይዘሻል" አሏት ቶሞኤን። "እኛ ጋ የገባ ሰው ግን መጀመሪያ ብዙ ዓመት የሚይዘው እግር ነው። እግር ይዘሽ ታውቂያለሽ?"

ቶሞኤ መዋሸት ትችል ነበር። "ይዤ አላውቅም" አለች።

"እንግዲያው በመከር ተመለሺና እግር ይዘሽ አሳዪኝ። ያኔ እወስናለሁ።" ከዚያ ወደ ሱዙካ እጅ ተመለከቱ። "ይቺ ነች እግሩ?"

መላው ትምህርት ቤት የሚፈራው ያ ምላስ አሁን ቢናገር ተገቢ ነበር። ሱዙካ በአዎንታ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች።

ቶሞኤ አባቷን አየች። አባትየው ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቆዩ። "ሽንኩርቱ የትም አይሄድም" አሉ በመጨረሻ። "እስከ መከር።" ይህን ብለው ወጡ፤ አለቃውም ተከትለው ሄዱ።

ሦስታችን ቀረን። ቶሞኤ የተበጠሰውን ማሰሪያ ከወለሉ አነሳች፣ አየችው፣ ኪሷ ከተተችው። ከዚያ ሱዙካ ፊት ወለሉ ላይ ተንበረከከችና ግንባሯ መሬት እስኪነካ ጎንበስ አለች።

"እግር እንዴት እንደሚያዝ ያስተምሩኝ" አለቻት። "እባክዎ።"

ጆሮዬን አላመንኩትም። የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ለመጀመሪያ ክፍል ተማሪ አንቱ ስትል በእኛ ትምህርት ቤት ተሰምቶ አያውቅም። ሱዙካ ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ ያበጠ እጇን በሌላው ያዘች። ቶሞኤ ቀና ብላ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ፣ ከየት እንደሚጀመር መጠየቅ ስትጀምር ሱዙካ ጣቷን አነሳች።

"መጀመሪያ" አለቻት፣ "ዝም በይ።"

ቶሞኤም ዝም አለች።