ባለ አንድ ዓይኑ ወታደር

ባለፈው ሳምንት ደብረ ማርቆስ ጤና ጣቢያ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ የክትባት ሥዕል ዓይኔን ያዘው። ልጇን ያቀፈች እናት ፊት ለፊት ታያለች። አጠገቤ የተቀመጠች አራስ፣ "አባባ፣ ወዲህም ብል ወዲያም ብል እኔኑ ነው የምታየኝ" አለችኝ። "ሠዓሊው አንቺን አስቦ ነዋ የሣላት" ብያት ሳቅሁ። ወዲያው የጣልያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ያኔ ጎረምሳ ነበርሁ፤ ቁይ አካባቢ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል እየሣልሁ ከእናቴ ጋር እኖር ነበር። በእኛ አሣሣል ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይኑ እየታየ ፊት ለፊት ይሣላል፤ ከሃዲና ሰይጣን ግን በጎን፣ ባንድ ዓይን። ይህን ለማወቅ ፊደል መቁጠር አያስፈልግም፤ ቤተ ክርስቲያን የሚስም ሁሉ ያውቀዋል።

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ጠፈፍ ሲል፣ ጣልያኖቹ ደብረ ማርቆስ ገበያ ላይ ካገራቸው የመጣ ትልቅ የወረቀት ሥዕል ለጠፉ። ወታደርና ገበሬ ይጨባበጣሉ፤ ሁለቱም በጎን ነው የተሣሉት። እኔም የገብስ ቆሎዬን እየቆረጠምሁ ቆሜ ሳይ አንዲት ቅቤ ሻጭ፣ "ወታደሩስ ይሁን፣ ይኸ ገበሬ ምን በድሎ ነው ከይሁዳ የደመሩት?" አለች። ሰው ስቆ አለፈ። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ ያየው የለም።

የጣልያኑ ሹም ነገሩ ስላሳሰበው ሠዓሊ ፈልጉ አለና እኔን ወሰዱኝ። አስተርጓሚው አቶ ይመኑ የሚባሉ፣ ጠና ያሉ የጉንደ ወይን ሰው ነበሩ። ባንዳ እያልን እንጠላቸው ነበር።

"ወታደር ለገበሬ ዘር ሲሰጥ አድርገህ ሣል ብሎሃል። ሥዕሉም ገበያተኛ ቆሞ የሚያየው ይሁን" አሉኝ።

"እንቢ ብልስ?"

"እሱን አላስተረጉምልህም። እናት አለችህ።"

ማስፈራራት መሰለኝ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

አደይ አበባ ማሳውን ዳር እስከ ዳር አልብሶት ነበር። ደጃፍ ላይ ሸማ ወጥሬ፣ እናቴ በሶ እየበጠበጠችልኝ ሣልሁ። ገበሬውን ፊት ለፊት፣ ዓይኖቹን እንደ መላእክት ዓይን አጉልቼ አወጣሁት። ወታደሩን በሚያብረቀርቅ ቁልፍ አስጌጥሁና ወደ ጎን አዞርሁት፤ አንድ ዓይን። እናቴ ነገሩ ሲገባት አማተበች። ተው ግን አላለችኝም።

ሹሙ ሥዕሉን ሲያይ ቁልፎቹን በጣቱ እየነካ ደስ አለው። ከዚያ ፊቱን ቋጠር አድርጎ አንድ ነገር ጠየቀ። አቶ ይመኑ፣ "ወታደሩ ለምን ወደ ጎን ዞረ?" አሉኝ። ሥዕሉን ቀረብ ብለው አዩት። የቄስ ልጅ መሆናቸውን ያን ጊዜ አስታወስሁ፤ የዓይኑ ነገር አይጠፋቸውም። እኔ አፌን ሳልከፍት በጣልያንኛ መለሱለት። ሹሙ ከት ብሎ ስቆ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

ደጅ ስንወጣ፣ "ምን አሉት?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ዓይኑን ከገበሬው ላይ አይነቅልም አልሁት።" ግራ ቀኝ አይተው ጠጋ አሉኝ። "ዓይኒቱን ግን ተለቅ አድርጋት። ከሩቅ አትታይም።"

አተለቅኋት። በገበያው ቀን ሰው ሥዕሉን ከበበው፤ ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ይሳሳቃሉ፤ ሹሙም ሕዝቡ ወደደልኝ ብሎ ይኩራራል። ሸማው ዝናብ እስኪጨርሰው እዚያው ቆየ።

ዛሬ ስለ አርበኞች ሲወራ የአቶ ይመኑን ስም የሚያነሣ የለም። ከነጻነት በኋላም ብዙ ሰው ሰላምታ ነስቷቸው ነው የሞቱት። እኔ ግን ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ እናገርላቸዋለሁ። በዕድሜዬ ሥዕሌን አይቶ ያደነቀኝ ብዙ ነው፤ አይተው እንዳላዩ የሆኑልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው።